ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ያመለጠኝ ቃል

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ዳርቱ ጉተማ
ጅማ

ልጄ ዳርቱ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማማረሩ በቀር ደህና ነኝ። ጾሙ ከገባ ወዲህ የክሊኒኩ ልጆች ምሳዬን ሽሮ በሽሮ አድርገውታል፤ እሱንም ቢሆን እያማረርኩ ጥርግ አድርጌ እበላለሁ።

«ዶክተርዬ፣ ከፋሲካ በኋላ ሥራዬን ለቅቄ እመጣለሁ፤ ወሰን ሠፈር ባለው ክሊኒክዎ አብረን እንሠራለን፤ እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ» ብለሽ የደወልሽልኝ ቀን ልቤ ቅቤ ጠጣ። ምክርም ጠየቅሽኝ። ለሴት የቆዳ ሐኪም አዲስ አበባ ላይ በግል መሥራት እንዴት ነው አልሽ፤ እጅሽ ላይ ስለወጣው ለምጽም አነሳሽ። ሁሉንም እመልስልሻለሁ። ግን ከምክሩ በኋላ የምነግርሽ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳታነቢ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳታስገቢ። በእኔ ስም ሥር ስምሽን ልታጽፊ ነው፤ ከማን ስም ሥር እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ሰምተሽ አልመጣም ብትዪ መብትሽ ነው። በቴሌግራም ያልጻፍኩልሽም ለዚህ ነው። የስልክ መልእክት ይሰረዛል፤ ይሄ ግን በእጄ ጽሑፍ፣ ፊርማዬ ያረፈበት ሆኖ አንቺ ጋ እንዲቀር እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ እጅሽ። አትሸፍኚው። ጓንት አታጥልቂበት፣ ቀለም አትቀቢው። አንዱ በሽተኛ «ራሷን ያላዳነች እኔን ልታድን ነው?» አለኝ ብለሽ እየሳቅሽ ነገርሽኝ፤ ድምፅሽ ግን ሲስቅ አልሰማሁትም። ደግሞ የሚልሽ ካለ «የጥርስ ሐኪም ጥርሱን አያመውም?» በዪውና ሥራሽን ቀጥዪ። እኔ የማስበው ሌላዋን ነው፤ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ የምትገባዋን። እስክሪብቶ የያዘውን እጅሽን ስታይ፣ ገና አፍሽን ሳትከፍቺ ግማሹ ሥራ ያልቃል። እኔ ሠላሳ ዓመት በምላስ ስደክም ያልሆነልኝ ነገር ነው።

«ሲስተር» ማለታቸውን ደግሞ ከአሁኑ ልመጂው። ጋውን ለብሼ፣ ስሜ ደረቴ ላይ ተጽፎ፣ ወንዱን ነርሳችንን «ዶክተር» ይሉትና ወደ እኔ ዞረው «ሲስተር፣ ቆዳ ሐኪሙ መቼ ነው የሚገቡት?» ይሉኛል። በፊት ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን «ገብተዋል፣ ይቀመጡ» እላለሁ፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ «እሺ፣ ምን ልርዳዎት?» ስል ፊታቸውን ማየት ደስ ይለኛል። አትቆጪ፣ ግን ሳታርሚም አትለፊ።

ወንድ ባልደረቦችሽ «ቆዳ ለሴት ይመቻል፤ ሌሊት የሚጠራሽ የለም» ይሉሻል። ለእኔም ብለውኛል፤ ያውም እያዘኑልኝ። ቆዳን የመረጥኩት ስለሚመቸኝ ሳይሆን ዓይኔ ስለሚያይ ነው ብዬ እቅጩን ነግሬያቸዋለሁ። አንቺም በዪያቸው። ከእኔ ይልቅ የአንቺ ዓይን ያያል፤ ይሄን ለማሞገስ አይደለም የምልሽ።

አንድ ባለ ሳሎን ደግሞ ገና ሳምንት ሳይሞላሽ ሽርክና ይጠይቅሻል። ፊት እናቅላ ይልሻል፤ የአንቺን ስም በትልቁ በር ላይ ሊለጥፍ። ስምሽን ለማቅያ ቅባት አታከራዪ። ከመሪ ኮንዶሚኒየም፣ ከወሰን፣ ከየቦታው ፊታቸው ተቃጥሎ የሚመጡ ሴቶች አሉ፤ ስም በሌለው ጣሳ ተበጥብጦ የተሸጠላቸውን ሲቀቡ የከረሙ። መድኃኒት ከመጻፍሽ በፊት «ምን ምን ተቀብተሽበታል?» ብለሽ ጠይቂ። ከጮህሽባት በሚቀጥለው ትደብቅሻለች። «ጣሳውን ይዘሽልኝ ነይ፤ አብረን እናየዋለን» በዪያት። ባል ለሚስቱ መልስ መስጠት ከጀመረ ደግሞ ካርድ ክፍል ላኪው፤ እስኪመለስ አምስት ደቂቃ አለሽ፣ ዋናው ነገር የሚነገረው ያኔ ነው።

በባዶ እጅሽ መንካትንም አትርሺ። ጓንት የሚፈልግ በሽታ አለ፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ከእንጦጦ ወርዳ የመጣች አንዲት ሴትዮ ክንዷን ስይዘው አለቀሰች፤ አመመሽ ወይ ስላት «አይ፣ ሰው ከነካኝ አራት ዓመቴ ነው» አለችኝ። ማን እንደሆነች አልነግርሽም።

ይሄን ጠባይ የተማርኩት በአንቺ ነው፤ ያውም አንቺን ዋጋ ካስከፈልኩሽ በኋላ። አሁን እሱን ልንገርሽ።

በ2007 ኅዳር ላይ ነው። ከወንደሰን ጋር ሰርግሽ ለጥር ተቆርጧል። አንቺ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነሽ፤ አንገትሽ ሥር የወጣችውን ነጭ ቦታ ይዘሽ እኔ ጋ መመላለስ ከጀመርሽ ሦስት ወርሽ ነው። በሻርፕ ትሸፍኛታለሽ። ከአባትሽ ከአቶ ጉተማ፣ ከጓደኛሽ ከሀይማኖትና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። «ለወንደሰን ራሴ እነግረዋለሁ፤ ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለበት» ብለሽኝ ነበር። የምትነግሪውን ቀን ሁሉ ወስነሽ ነበር።

በዚያ ሰሞን እድራችን ውስጥ ለቅሶ ነበር። ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ የወንደሰን እናት እትዬ ወርቄ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ሟች ትንሽ አወሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የማርያምዬ፣ ያቺ የጉተማ ልጅ አንቺ ጋ ትመላለሳለች ይባላል። ደህና ናት ወይ? ልጄን ልድር ነው እኮ» አሉኝ።

እኔም ቢላዬን አስቀምጬ፣ ክንዳቸውን ይዤ፣ «ኧረ እትዬ ወርቄ፣ ምንም አያሳስብዎት! የሚተላለፍ ነገር አይደለም። እንደ እሷ ያለች ልጅ ከየት ይገኛል?» አልኩ።

ያልኩት ይሄንኑ ነው። ልከላከልልሽ ብዬ ነው። ግን ገና ሳልጨርስ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። ኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ትመላለሳለች ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ሻርፕሽን ጠርጥረው እያጠመዱኝ ነበር። እኔ ደግሞ የተማርኩት ሴትዮ፣ ስፔሻሊስቷ፣ ወጥመዱ ውስጥ በሁለት እግሬ ገባሁ። አይተላለፍም ስል የሆነ ነገር እንዳለብሽ ነገርኳቸው። ክፉ ብናገር ኖሮ እንኳን ያን ያህል ባላመኑኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ አባትሽ ዘንድ ተመልሰው «ልጁ ለትምህርት ውጭ ሊሄድ ነው፤ ሰርጉ ይቆይ» አሉ። ቆየና ቀረ። አንቺ ክሊኒኬ መጥተሽ «ሀይማኖት ናት! ከእሷ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?» እያልሽ አለቀስሽ። እኔ ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ ነበር። መሀረብ አቀበልኩሽ፤ ውኃ አመጣሁልሽ፤ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ታውቂዋለሽ። ቆዳ እማራለሁ ስትዪ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ፤ መጻሕፍቴን ሰጠሁሽ፤ ስትመረቂ በሰው ሁሉ ፊት «ሁለተኛ እናቴ» አልሽኝ። ምስጋናሽ ጣፈጠኝ፣ ዳርቱ። ልጎዳት አልፈልግም ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖርኩ፤ ያልፈለግኩት ግን አንቺ በሌላ ዓይን እንድታዪኝ ነው። ወንደሰን አይመጥናትም ነበር እያልኩም ራሴን አጽናንቻለሁ። መመጠን አለመመጠኑን ማየት የአንቺ ፈንታ ነበር። ከአፍሽ ሰምቶ ምን እንደሚል የምታዪበትን ቀን የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። በድዬሻለሁ።

እንግዲህ የሙያ ምክሬ ዋናው ይሄ ነው። ስለ በሽተኛሽ ደግ ነገር እንኳን ቢሆን አትናገሪ። በለቅሶ፣ በሰርግ፣ በታክሲ ሰልፍ፣ የቅርብ ዘመድ ቢጠይቅሽም «እኔ ጋ ማን እንደሚመጣና እንደማይመጣ አልናገርም» በዪ። እግራቸው ክሊኒክሽን ረግጦ ስለማያውቅ ሰዎች ሲጠይቁሽም ያንኑ በዪ። ስለ ጤነኛው «አላውቀውም» ካልሽ፣ ስለ ታማሚው ዝም ስትዪ ሰው ይገባዋል። እኔ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል ሠፈሩ «ዶክተሯ ኮራች» ይለኛል። ይበል።

አሁን ሀይማኖት። ወሰን ጋራዦቹ መሀል የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፍታለች፤ ወንዶቹን ሁሉ ቀጥ አድርጋ ነው የምታሠራቸው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩባት። ስለ አንቺ ጤና አንዲት ቃል አልጨመርኩም፤ ድንኳን ውስጥ የተናገርኩትን፣ አንቺም እሷን እንደጠረጠርሽና እኔ እንዳላስተባበልኩ ብቻ ነው የነገርኳት። የያዘችውን የፍሬን ሸራ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ ብላ ነው የራቀችኝ?» አለችኝ። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ከአስረኛ ክፍል ስለቀረሁ ያፈረችብኝ መስሎኝ ነበር። ለበዓል ወደ ሠፈር ስትመጣ፣ ከሰው ጋር ሆና ካገኘችኝ እንዳታፍር እያልኩ ስንቴ መንገድ ቀይሬያለሁ!»

«ይቅርታ» አልኩ።

«አሁን ይሂዱልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። አስፋልቱን ሳልሻገር በሩጫ ደርሳብኝ፣ እየተነፈሰች የሱቋን ካርድ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ቁጥሬን አልቀየርኩም ይበሏት» አለችኝ።

ካርዱን ፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ባትመጪ ጉልበቴን በሻሽ አስሬ ሁለት ሦስት ዓመት እሠራለሁ፤ ስለ እኔ አትጨነቂ። ብትመጪም ባትመጪም የጻፍኩልሽ ምክር ያንቺ ነው። ብትቆጪኝ ተቆጪኝ፤ ስልኬን አንስቼ እሰማለሁ። ለእኔ መልስ ለመስጠት ግን አትቸኩዪ። መጀመሪያ እሷ ጋ ደውዪ።

ያከምሽው ሁሉ ይዳንልሽ። ደጅሽን ሰው አያሳጣው፤ ክፉ አይንካሽ፣ ልጄ።

የማርያምወርቅ