በባትሪው ላይ አልፈርምም ያሉት የኢንጂነር ዕፀገነት ሳህሉ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ዕፀገነት ሳህሉ ከአባታቸው ከመምህር ሳህሉ ወልደየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ እልፍነሽ ተሰማ ሐምሌ 19 ቀን 1973 ዓ.ም. በሐረር፣ ፈላና በር አካባቢ ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ በመሆናቸው እኛን ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገዋል።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው በ1997 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመረቁ። በ2000 ዓ.ም. ከአቶ ደረጀ ከበደ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ናትናኤልንና ማህሌትን ወለዱ።

መንግሥት ተሠርተው በሚገቡ ስልኮች ላይ ቀረጥ ጨምሮ በመለዋወጫው ላይ ሲቀንስ፣ አንድ የውጭ ኩባንያ አዲስ አበባ ዳርቻ የሞባይል መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ። ዕፀገነት የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ሆኑ፤ ታናሽ እህታችንን ጽጌንም እዚያው አስቀጠሩ። አባታችን ከፋብሪካው የመጣላቸውን ስልክ ይዘው ለጎረቤቱ ሁሉ እየደወሉ፣ "ልጆቼ በሠሩት ነው የማናግርህ" ይሉ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ከውጭ የመጣ የባትሪ ጭነት ሲፈተሽ በሙቀት እያበጠ አስቸገረ። የአገሪቱ ደንብ እንዲህ ያለውን አያሳልፍም። ሥራ አስኪያጁ፣ "ይህ ጭነት ከተመለሰ ዋናው መሥሪያ ቤት ፋብሪካውን ይዘጋዋል" ቢሏቸውም፣ "ሰው ኪሱ የሚከተው ነገር ነው፤ አልፈርምም" አሉ። ጭነቱ ታገደ። ኩባንያው ባትሪውን ከማስተካከል ይልቅ ሥራውን ቁጥጥሩ ወደላላበት አገር አዛወረ። ሠራተኛው በሙሉ ተበተነ። ጽጌም፣ "እትዬ፣ የስንቱን እንጀራ ዘጋሽው!" ብላ ወጣች፤ ለዓመታት ደጃቸውን አልረገጠችም።

ዕፀገነት ወደ ሐረር ተመልሰው በቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሩ። ስለ ፋብሪካው ሲጠየቁ፣ "ባትሪው ተስተካክሎ ሰዉም ሥራው ላይ ቢቆይ ነበር የምወደው" ከማለት በቀር ሌላ አይናገሩም። ሐዘኑ ግን አልለቀቃቸውም።

በ2016 ዓ.ም. በጡት ካንሰር ሲታመሙ ጽጌ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። ሁለቱም ያንን ነገር አላነሡም። ከመድኃኒቱ የተነሣ ጸጉራቸው እጇ ላይ ሲቀር ጽጌ በሽርጧ ኪስ ትደብቀዋለች፤ እሳቸውም እንዳላዩ ይሆናሉ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወላጆቻቸውን፣ እህታቸውን ጽጌንና ወንድማቸውን ዮሴፍን ትተው ሄደዋል። "አንቺ ነሽ የምትቀብሪኝ" ይሏቸው የነበሩት አባታችን ዛሬ ልጃቸውን ሊቀብሩ ቆመዋል።

ቸሩ መድኃኔዓለም የእህታችንን ነፍስ ሕመም በሌለበት በብርሃኑ ያኑርልን፤ ለእናትና ለአባታቸው የሚችሉበትን ጉልበት፣ ለልጆቻቸው እናትን የሚተካ ጥላ ይስጥልን። አሜን።