የሦስተኛው ፎቅ በረንዳ

ጥቅምት 6

ዛሬ ከባድ በደል ደረሰብኝ። የእህቴ ልጅ ብርቱካንማ ሰደርያ አለበሰችኝ። የሚያብረቀርቅ! "ጋሼ፣ ሳይት ላይ ያለዚህ መንቀሳቀስ ክልክል ነው" ብላ በሠራተኛ ፊት ራሷ ቆለፈችልኝ። ካሮት መሰልኩ። አናጺው አይቶኝ፣ "ኢንጂነር፣ መንገድ ዳር እንዳትቆም፣ መኪና ሁሉ ምልክት መስለኸው ይዞርብሃል" አለኝ። ስንት ዘመን አሸዋ ተሸክሜ፣ ሲሚንቶ አቡክቼ፣ በተውሶ መጽሐፍ ስሌት ተምሬ... መጨረሻዬ አትክልት ሆነ።

የሳይቱ መሐንዲስ እሷ ናት፤ የተማረችውም የምትፈርመውም። እኔ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማን ነኝ። "ኢንጂነር" የሚሉኝ በፍቅር እንጂ ወረቀት የለኝም። ከእጇ ማስመሪያ አይጠፋም፤ ራሷም ቀጭን፣ ቀጥ ያለች። ስለዚህ "ማስመሪያ" ብዬ ሰየምኳት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሳይቱ በሙሉ ተቀበለው። ሳቀች። ወይስ የሳቀች መሰለኝ?

ጥቅምት 9

ዝናብ። ሥራ የለም። ማስመሪያ ግን ቢሮ ተቀምጣ ፕላን ላይ አፍጥጣለች።

"ጋሼ፣ የበረንዳው ነገር ያሳስበኛል። እንደተዘረጋ ክንድ ነው፤ የሚይዘው የላይኛው ብረት ብቻ ነው። ኮንክሪት ሲሞላ ብረቱ ወደ ታች ከወረደ፣ የለም ማለት ነው።"

"እናትሽ በዳዴ ከምትሄድበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።"

"እሱንማ እናቴም ነግራኛለች። አንተ የማታውቀው ነገር የለም።"

ምላሷ የእኔ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል።

ጥቅምት 13

የሦስተኛው ፎቅ ሙሌት ዛሬ ነበር። ጠዋት ማስመሪያ ብረቱን ለክታ "አልፏል" አለች። ከዚያ ልጆቹ የኮንክሪቱን ቱቦ እየጎተቱ ሲረማመዱበት የበረንዳው ብረት ጎብጦ ወረደ። አየችው።

"አቁሙ! ብረቱ ይነሳ!"

ታች ኮንክሪት የጫነው መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። ሌላው ከኋላው ቆሟል። ፌራዮው፣ ብረቱን ያሠረው እሱ ነው፣ ዞሮ እኔን አየኝ። ሁሉም አዩኝ። እኔ ደግሞ ቀልድ መጣልኝ...

"ማስመሪያ፣ ብረቱ ደክሞት ጋደም ብሎ ነው። ተይው ይረፍበት!"

ሳይቱ በሳቅ ፈረሰ።

"አቁሙ እኮ ነው ያልኩት!" አለች ደግማ።

"ይረፍበት!" አላት ፌራዮው። እንደገና ሳቅ። ሙሌቱ ቀጠለ። ስፈልጋት ወርዳለች።

በጊዜ ጨረስን። ጥሩ የሥራ ቀን ነበር።

ጥቅምት 14

አኩርፋለች። ኩርፊያና ሲሚንቶ ሲውል ሲያድር ይደርቃል።

ኅዳር 5

በረንዳውን ከሥር የደገፍንባቸውን ፑንቴሎዎች፣ የእንጨት ምሰሶዎቹን፣ ዛሬ አነሳን። አናጺው የመጨረሻውን ሲመታ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እንጨት አይደለም። ውሻ አጥንት ሲሰብር ዓይነት... አናጺው መዶሻውን ጥሎ ዘለለ። የበረንዳው ጫፍ ቀስ ብሎ አጎነበሰ። ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ጣቴን ከተትኩበት። ገባ።

ሰው አልተጎዳም። ተመስገን።

ባለ ሕንፃው መጣ። "ይሄ ሲሞላ ማን ነበር የቆመበት?" የተናገረችው እሷ ናት።

"መሐንዲሷ እኔ ነኝ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው።"

ይሄው ነው። ወደ እኔ ዞራ እንኳ አላየችም። ዞራ ብታየኝ ምናልባት አፌ ይከፈት ነበር። ምናልባት! ለቀልድ ሲሆን ከእግሬ ቀድሞ የሚደርስ ምላሴ፣ ምን ዋጠው?

"ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ" አላት። ዕቃዋን በፌስታል ሰብስባ ሄደች። እኔ ቆሜ ነበር። አዎ፣ ቆሜ ነበር።

ኅዳር 6

እህቴ ደወለች።

"ወንድም ጋሼ፣ ልጄን ምን አደረጋችኋት? ሳይት የሚባል ነገር ሁለተኛ አልረግጥም ትላለች። የሆነ ቢሮ ገብቼ የሰው ፕላን ስገለብጥ ልኑር ትላለች። አምስት ዓመት የተማረችው ለዚህ ነው?"

"ትንሽ ትረፍበት" አልኳት። ይቺን ቃል እወዳታለሁ መሰለኝ።

"አንተ እያለህ ግን እንዴት እንዲህ ትሆናለች?"

እኔ የሌለሁ ቀን የደረሰባት መስሏታል። ስለነበርኩ ነው እኮ። እኔ ባልኖር ፌራዮው ወደ ማን ይዞር ነበር? ብረቱን ያነሳ ነበር።

አልነገርኳትም።

ኅዳር 8

በረንዳውን ማፍረስ ጀመርን። መሰርሰሪያው ኮንክሪቱን ሲበላው ብረቱ ብቅ አለ። ከታች ተለጥፎ። ፌራዮው ጎንበስ ብሎ አቧራውን በእጁ ጠረገለት። "ኢንጂነር... እውነትም ተኝቷል" አለ። ማንም አልሳቀም።

ራሴን ጠየቅኩ። ያን ቀን ብረቱ መውረዱን አላየሁም? አይቻለሁ። ምንም አይለውም ብዬ ነው? አይደለም። መኪናው ስለጮኸ? እሱም ሰበብ ነው። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ "ልክ ናት፣ አቁሙ" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል። ከዚያ በኋላ ግን የሚያዩት እሷን ይሆናል... ያንን ነው የፈራሁት? የገዛ እህቴን ልጅ? ተመርቃ ስትመጣ ለሰው ሁሉ "የእኛ ቤት ኢንጂነር ደረሰች" እያልኩ ያስቸገርኩት እኔ አይደለሁም?

ስሙንም እኔ ነኝ ያወጣሁት። "ማስመሪያ" ያሉትን ሰው ማን ይሰማዋል? ዕቃ እኮ ነው፤ ሲጨርሱ የሚያስቀምጡት።

ኅዳር 10

ባለ ሕንፃው ፈረሳውን ሊያይ መጣ። ሠራተኛው እዚያው ነበር። ጠብቄ ቢሮ ውስጥ ብነግረው ይቀለኝ ነበር። ያሳቅኩት ግን በሰው ፊት ነው።

"ያን ቀን አቁሙ ብላ ነበር" አልኩት። "ሁለት ጊዜ። እኔ ቀልጄ አሳቅኩባት፣ ሥራው ቀጠለ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ታዲያ እሷን ሳሰናብት አፍህን ማን ሰፋው?"

ሰደርያዬን መፍታት ጀመርኩ።

"አንተንስ ምን ላድርግህ?"

"እንደ እሷ።"

"መጀመሪያ ያበላሸኸውን አስተካክል። ከዚያ እንነጋገራለን።"

ደወልኩላት። አታነሳም። መልእክት ልጽፍ "ማስመሪያዬ" ብዬ ጀመርኩ፤ አጠፋሁት። "የኔ ልጅ" አልኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ "ለሁሉም እውነቱን ተናግሬያለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ" ብዬ ላክሁ። አንብባዋለች። መልስ የለም።

ኅዳር 13

ዛሬም መልስ የለም። እውነት ብናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር። ለካ እሷን ምንም አልጠቀማትም፤ ከሥራ የወጣችው እሷ፣ ደመወዝ የምበላው እኔ።

ኅዳር 19

በረንዳው እንደገና ይሞላል፣ ዛሬ። ፌራዮው ማንም ሳይነግረው ብረቱ ላይ እንዳይረገጥ የእንጨት መረማመጃ ሠራ። እኔም እያንዳንዱ ብረት ከሥሩ ተደግፎ ከላይ መቆሙን በእጄ እየነካሁ አየሁ። አናጺው፣ "ኢንጂነር፣ አሞሃል እንዴ? ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው አልሰደብክም" አለኝ። ሥራህን ሥራ አልኩት። ደነገጠ።

መኪናው እስኪደርስ ቢሮ ገብቼ ይህን ስጽፍ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ሾፌሩ መስሎኝ "ግባ!" ብዬ ጮህኩ። አልገባም። ተነስቼ ከፈትኩ።

እሷ ናት።

ከስታለች። ወይስ ሳላያት ስለቆየሁ ነው? ገባች። ስለ እናቷ ጠየቅኳት። "ደህና ናት" አለች። ፌራዮው ባለ ሕንፃውን አስፈቅዶ ትናንት ቤት ድረስ ሄዶ ለምኗት ነው የመጣችው። አልነገረኝም፣ ያ ሌባ። ለዛሬ ብቻ ነው አለች። ከዛሬ ወዲያ ስላለው ግን ገና አልወሰነችም።

"ብረቱን ማን ነው ያየው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው እንደገና ይታያል።"

አፌ ላይ አንድ ነገር መጣ። ጥሩ ነገር፤ እሷንም የሚያስቅ። ዋጥኩት። "እሺ" ብዬ ልከተላት ወደ በሩ ተራመድኩ።

"አትምጣ ጋሼ" አለች። ቁጣ የለባትም። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። "አንተ ካለህ የሚያዩት ወደ አንተ ነው።"

ወጣች። በሩን ክፍት ትታዋለች። እኔም አልዘጋሁትም።