በሌለው ግድግዳ ዙሪያ

የካቲት 14

ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ! ለውቤ በረሃ ሕዝብ በሙሉ፣ ማለትም ለእኔና ለዳማ... ጠፍታ የከረመችው የግራ እግር ካልሲዬ ዛሬ በክብር ተገኝታለች። ዳማ ተኝቶባት። ሌባ ውሻ! ሊያመልጠኝ ሞከረ፤ የኋላ ግራ እግሩን እንደ ልማዱ አንጠልጥሎ፣ በሦስት እግሩ። እኔም ከነከዘራዬ ሦስት እግር ነኝ። እኩል ወጣን።

ውሻው የጎረቤቴ የአሰፋች ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ይዛው ሄደች፤ በሳምንቱ በእግሩ ተመለሰ። ከቤቷ የቀረው የበሩ ደፍ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ይተኛል። የእኔ ግቢ ለጊዜው አለች።

እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«ጋሽ ፀሐዬ፣ ዳማ በላ? ጅብ ይወጣል ይላሉ... ማታ ማታ ግቢዎ ያስገቡት እንጂ።»

«አስገባዋለሁ፣ አንቺ ብቻ አታስቢ።»

ማን ሊገባ? ስጎትተው ያጉረመርምብኛል።

የካቲት 17

የልጅ ልጄ ሔርሜላ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዱር አራዊት ነው የምትማረው። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር፣ ወንዙ ዳር አስጎነበሰችኝ። ወገቤን!

«ይዩ አባባ፣ ይሄ ዱካ የጅብ ነው። የፊት እግሩ ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ። የውሻ ግን እኩል ነው ማለት ይቻላል።»

«እንደ ድሮ የውቤ በረሃ ጎረምሳ ነዋ! ከፊት ደረት፣ ከኋላ ባዶ።»

አልሳቀችም። የደረቀ ነጭ አሩን አሳየችኝ፤ የሚነጣው አጥንት ስለሚበላ ነው አለች። ደፍሮ የወጣው ደግሞ በሁዳዴው ነው። ሥጋ ቤቱ ዝግ፣ የሚጣል አጥንት የለ። እኛ ስንጾም እሱም በግድ...

የካቲት 28

የጅቡን ዱካ ብቻዬን ተከተልኩት። ከወንዙ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው፣ ሁሉም ፈርሷል። ቀጥ ብሎ መሄድ ይችላል። አይሄድም! የበርሄ ልብስ ስፌት የነበረበት ጋ ሲደርስ ይታጠፋል። ግድግዳውን ታክኮ... የቱን ግድግዳ? በመተላለፊያው ያልፋል። የቱ መተላለፊያ? የመድኃኔ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሟል። ብዙ ቆሟል፤ አፈሩ ተረጋግጧል። በር የለም እኮ።

ዘወር ብዬ የራሴን ዱካ አየሁ። ጫማዬ... ከዘራዬ...

እኔም ታጥፌያለሁ።

መጋቢት 3

ዛሬ ቀጥ ብዬ ልሄድ ሞከርኩ። በርሄ ቤት ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለ። የስፌት መኪናው ሲንቀጫቀጭ የሰማሁ መሰለኝ።

መጋቢት 12

ሌሊት ዘነበ። ደፉ ባዶ ነው።

መጋቢት 13

ሔርሜላን ጠራኋት። ጭቃው ምንም አልደበቀም። ሦስት እግር ከደፉ ተነስቷል። ትልቁ፣ የጅቡ፣ በመተላለፊያው መጥቷል። ከዚያ የተጎተተ ነገር፣ እስከ ወንዙ። ሦስቱ እግር አልተመለሰም።

ሌላ ጊዜ «ደግመው ይዩ፣ አባባ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ግን ክንዴን ያዘች።

እሑድ ነው። ስልኩ ጮኸ። አላነሳሁም።

መጋቢት 17

አገኘሁ! ጊዮርጊስ አጥር ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ የውሻ ዱካ! የፊቱና የኋላው እኩል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሄዳል። ተርፏል! ወዲያው ለአሰፋች ደወልኩ።

መጋቢት 18

መጣች። ነጠላዋን ሰብስባ ቁጢጥ አለች። ብዙ አየች።

«ውይ ጋሽ ፀሐዬ... በአራቱም እግሩ ነው እኮ የረገጠው። ድኖለታል ማለት ነው?»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በጣቴ ጠቆምኩ።

«ጊዮርጊስ አይደል... ጠበል ተጠምቆ ይሆናል።»

ጥፍሬን አየች። ጭቃ አለው። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ሳቀች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

መጋቢት 20

ደወለች። ስለ ዳማ አልጠየቀችም።

«ጋሽ ፀሐዬ፣ እርስዎስ በሉ? ማታ ማታ በጊዜ ይገባሉ?»

«እገባለሁ፣ አንቺ ብቻ አታስቢ።»

ዛሬ እውነቴን ነው። ሳይመሽ ገባሁ።

የጊዮርጊሱን ዱካ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። መዳፉን በአውራ ጣቴ፣ ጣቶቹን በሌባ ጣቴ። ሔርሜላ እንዳስተማረችኝ፣ የፊቱን ከኋላው እኩል አደረግኩ። አንዱን እግር ማንጠልጠል ረሳሁ።