ለስለት መንገድ የተጫማሁት አዲስ ጫማ

ለልጄ ለረድኤት፤ ያለሽበት አገር እንደ እናት ቤት ይሙቅሽ፣ ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ቆሞ ቡናችንን ማስጣት ጀምረናል።

ይህን ግን አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከወጣ ከሚዛን እስከ ገጠሩ ሚካኤል በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተስዬ አልነበር? ወጣልሽና ተነሣሁ። የላክሽልኝን ጫማ ሰው ይይልኝ ብዬ ያለ ካልሲ ተጫማሁት። አብራኝ ልትሄድ የተነሣችው ጎረቤታችን በየነች በአሮጌ ኮንጎ ጫማዋ ሆና፣ «አይ አንቺ ሴት፣ ስለት ነው የምትሄጂው ወይስ ሰርግ?» አለችኝ። ተረከዜን ገና ሲያቃጥለኝ ቆሜ ጨርቅ ብጠቀልልበት ይበቃኝ ነበር፤ እንዳትስቅብኝ ብዬ ግን ሳልቆም ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። እሷ በእግሯ ቀጠለች፣ እኔ በባጃጅ ደረስኩ።

ቄሱ «በእግርሽ መጣሽ?» ሲሉኝ «አዎን አባ» አልኳቸው። በየነችም ደርሳ አቧራ ለብሳ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

ቁስሉ ሲድን በአሮጌው ጫማዬ፣ እግሬን ቫዝሊን ተቀብቼ እንደገና እሄዳለሁ፤ ለቄሱም እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አንቺም አዲስ ጫማ ስትገዢ መጀመሪያ ቤት ውስጥ አላምጂው።

ከቻልሽ ወፍራም ካልሲ ላኪልኝ፤ ሁለት ጥንድ፣ አንዱ ለበየነች ነው። እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

እናትሽ አስካለ