ዝም ያለ ሞተር አይነካም ለሚለው ባሌ

ሽፌ፣ የኔ ግትር፣

እንደምን ከረምክ? ባለህበት ይሞቃል ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ የሚሞቅ ቢሆን እስካሁን አንዱን ኤሲ ፈታተህ ወለል ላይ በትነኸዋል። ከተለያየን ወዲህ ያ የሚያቃጥለው ነፋስ፣ ካምሲኑ፣ አቧራውን ይዞ ሁለቴ መጥቶ ሄደ። ሙት ዓመትህን አወጣን፣ እኔም ጥቁሬን አወለቅኩ። ልጅህ ማርታ ደህና ናት፤ ከሥራ ስትመለስ አሁንም እንዳንተ በሩን በእግሯ ነው የምትዘጋው። ከአገር ወጥተን የከተምንባት ሰፈራችን አርሂባም እንደተውካት ናት። ሕፃናቱ ይጮኻሉ፣ ልብሱም ገና ሳይሰጣ ይደርቃል።

የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። በቀብርህ ቀን ደረቴን እየደቃሁ፣ ሳልውል ሳላድር እከተልሃለሁ ብዬህ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶኛል። ጎረቤታችን ሐሊማ እንኳ፣ አማርኛው ሳይገባት፣ ከኔ በላይ አልቅሳለች። ስለዚያ ቃሌ የምነግርህ ነገር አለ። ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ ወሬ ከመሀል ሲጀመር እንደምትቆጣ አውቃለሁ።

ከኔ በቀር ማንም አይንካው ያልከው የመኝታ ቤቱ ኤሲ ባለፈው ካምሲን ቀጥ አለ። ሌላ ባለሙያ ጠራን። ከፍቶ ሲያየው ለካ የሚንቀጠቀጠውን ቧንቧ በካልሲህ አስረኸው ኖሯል! ሰውዬው ካልሲውን በአክብሮት አጥፎ ሰጠኝና፣ ባለቤትዎ ብልህ ሰው ነበሩ አለኝ። አንድ እግር ካልሲ ነው። አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ።

ሐኪሙ የደም ግፊት አለብህ ያለህ ቀን ትዝ ይልሃል? ዕድሜ ልክህን የፍሪጅና የኤሲ ጋዝ ግፊት ስትለካ የኖርክ ሰው ነህና ስለ ግፊት የሚያስተምርህ ሰው መምጣቱ አልዋጥልህ አለ። መለኪያው ክንድህ ላይ ሲነፋ አንተ ለሐኪሙ ስለ ኮምፕሬሰር ታስረዳው ነበር። ያንተ ሕግ አንድ ብቻ ናት፤ ዝም ያለ ሞተር አይነካም። ራስህን ሲያምህ ክኒኗን ትውጣለህ፣ ሲሻልህ ትተዋታለህ፤ ልክ ጋዝ ሲያንሰው ብቻ እንደምትሞላው ፍሪጅ። ይባስ ብለህ ክኒኑን ኪስህ ከትተህ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ጫት የምትቅሙበት ቤት ትሄድና፣ ራሴን አመመኝ ላለ ሁሉ እንደ ማስቲካ ታድላለህ። ማርታ ለቤት የሚሆን የግፊት መለኪያ ገዝታ ስታመጣማ ጭራሽ ኮራህ። ከጓደኞችህ ሁሉ ቁጥርህ የሚበልጥ መሆኑን ስታውቅ ዋንጫ እንደወሰደ ሰው ነው የሆንከው። ከመካከላቸው የማይቀናብህ አልነበረም።

የሄድክ ዕለት ግን ራስህን አላመመህም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለህ የሐሊማን ማራገቢያ እየጠገንክ ታፏጫለህ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማሃለሁ። ፉጨቱ ቆመ። ብሎን ጠፍቶበት ነው አልኩ። ብሎን አልነበረም፣ ሽፌ። እስከ ዛሬ የማራገቢያ ድምፅ ስሰማ ፉጨትህን እጠብቃለሁ።

ካንተ በኋላ መለኪያውን ከመፍቻዎችህ ጋር ሳጥን ውስጥ ከትቼ ረስቼው ነበር። አንድ ቀን ሐሊማ፣ እኔ በለመድኩት በራሷ ቋንቋ፣ ልቤ ይመታብኛል፣ ለኪኝ አለችኝ። አደራረጉን ላሳያት ብዬ መጀመሪያ ራሴ ላይ አሰርኩት። ጉድ ፈላ፤ በለጥኩህ! ሐሊማ፣ ያ አላህ ብላ አፏን ያዘች። ባትሪውን ቀየርን፣ ያው ነው። በሌላው ክንዴ ሞከርን፣ ያው ነው። እሷ ስትለካ ግን የኮረዳ ቁጥር ወጣላት። እኔም መሣሪያው አማርኛ ተናጋሪ አይወድም ብዬ አኮረፍኩ።

ከዚያ ለማርታ ምን ብላት ጥሩ ነው? ምንም የሚያመኝ ነገር የለም፣ ዝም ያለ ሞተር አይነካም አልኳት። ያንተኑ ቃል፣ እንዳንተው እጄን አወዛውዤ። ልጅቷ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና አለቀሰች። አባዬም ይህንኑ እያለ ነው የሄደው፤ አንቺንም ልቅበር ወይ እማዬ አለችኝ። በማግስቱ ተያይዘን ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሟ እዚሁ የተወለደች የሶማሌ ልጅ ናት። አማርኛዋን ካሳደገቻት ኢትዮጵያዊት ሞግዚት የለመደችው ስለሆነ ስትቆጣ ልክ እንደ ደብረ ብርሃን ሴት ነው የምትቆጣው። ራስ ምታትን መጠበቅ ሞኝነት ነው አለችኝ፤ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው ልብና አንጎልን የሚጎዳው። የሚለካው ደግሞ ጥቂት አርፎ፣ ጀርባን ደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ፣ ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ነው። ክንድ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ከልኩ በላይ እንደሚወጣ በቅርቡም ተጠንቷል አለች። ዋናው ነገር ግን እየተለኩ አለማውራት ነው። በሳቅ ፈረስኩ! ከዚያ ከምትኮራበት ቁጥር ጥቂቱ የምላስህ ነበር ማለት ነው። የቀረው ግን የደምህ ነበር፣ እሱን ነው የናቅነው።

ሌላም ብዙ ነገረችኝ። ክኒኑን ጠዋት ዋጡት ማታ፣ በጥናት ሲታይ ይህን ያህል ልዩነት የለውም፤ ልዩነት የሚያመጣው ማቋረጡ ነው። አሁን ሁለት ሦስቱን መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ አንድ ክኒን ውስጥ እያደረጉት ነው፤ ለእኔም እንደዚያ ያለውን ነው ያዘዘችልኝ። አንዴ ተወግቶ ለወራት የሚያቆይ መርፌም እየሞከሩ ነው አሉ። አንተ እንደሆንክ መርፌ ካየህ በመስኮት ነው የምትወጣው፣ ስለዚህ አልተቆጨሁልህም። ፖታሲየም ያለበት የጨው ምትክም አለ፤ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ዝም ብሎ እንዳይነካው ስላለች መጀመሪያ መረመረችኝ። አሁን በሱ ነው የማበስለው። ሐሊማ ዓሣዬን ቀምሳ፣ ማን ታሞ ነው አለችኝ።

ልንወጣ ስንል ሐኪሟ፣ በየቀኑ ሳይረሱ የሚያደርጉት ነገር ምንድን ነው፣ ክኒኑን ከእሱ ጋር ያያይዙት አለችኝ። አሰብኩ። ቁርስ እረሳለሁ። ጸሎትም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አንዳንዴ ያመልጠኛል። ጠዋት ጠዋት ፎቶህን እየወለወልኩ አንተን መቆጣት ግን አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ዓይኗን ጠረገች። ማርታም እንዲሁ።

ስለዚህ የክኒኑ ዕቃ አሁን ፎቶህ ሥር፣ ያ ካልሲህ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስነሳ አቧራህን እጠርግልሃለሁ፣ ያለዕድሜህ ትተኸን ስለሄድክ እቆጣሃለሁ፣ በብርጭቆ ውኃ ክኒኔን እውጣለሁ፣ ከዚያ እንታረቃለን። ቁጥሬ ወርዷል። ማርታ መለኪያውን ባየች ቁጥር ትስመኛለች። ልጅቷ እንደገና መሳቅ ጀምራለች፣ ሽፌ፣ ያንተኑ ሳቅ።

እንግዲህ ወደዚያ ቃሌ ልመለስ። ሳልውል ሳላድር እከተልሃለሁ ያልኩህን ሽሬዋለሁ። ሰፈሩ እየሰማኝ ነው የማልኩት፣ ስለዚህ ለሐሊማም ነግሬያታለሁ፤ ጥሩ አድርገሻል ብላ አቀፈችኝ። አንተን ግን አልረሳህም። ክኒኑ እስካለ ድረስ፣ ክኒኑም ባይኖር፣ ጠዋት በተነሳሁ ቁጥር ስምህን ጠርቼ ነው ውኃውን የምጠጣው። አንተ ብቻ በር በሩን እያየህ አትቀመጥ፤ እዚያ የሚፈታ ነገር ካገኘህ ፈታተህ ጀምር። እኔ እቆያለሁ።

ሚስትህ
አልማዝ