ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ያበላሸነውን ስንናገር

አስካልዬ፣ የልጄ እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም። እናንተ ያላችሁበት ረሃብም ተስቦም የለም ይላሉ፤ ደህና ነሽ ብዬ ልመን። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እኔ ደክሞኛል። ሌላው ሁሉ ከመወራቱ በፊት እሱን ልንገርሽ። አንቺ ፊቴን አይተሽ ታውቂው ነበር፣ አሁን ካልጻፍኩት የሚያውቅልኝ የለም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ዘንድሮ ሰማዩ ጠቆር ጠቆር ማለት ጀምሯል፣ ሰው ግን ማመን ፈርቷል። ተዝካርሽን አላወጣሁም። አብረን የሠራንበት የረሃብተኞች መጠለያ የመጋዘን ቁልፍ ዛሬም ወገቤ ላይ ነው፣ ውስጥ ካለው እህል ግን አንዲት ፍሬ የእኔ አይደለችም። ቄሱ አይዞህ፣ ለጊዜው ጸሎቱ ይበቃታል ብለውኛል። ለእኔ ግን አልበቃኝም።

ዓርብ ከሰዓት፣ እስላሞቹ ባልደረቦቻችን ከጁምዓ ሲመለሱ፣ ሠራተኛውን ሁሉ ድንኳኑ ጥላ ሥር ሰብስበሽ በሳምንቱ ያበላሸነውን በየተራ ተናገሩ ያልሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? ሁላችንም በሆዳችን ይቺ ሴት የቀበሌውን ግለ ሂስ እዚህ ድረስ ልታመጣብን ነው አልን። ግለ ሂስ ላይ አፉን በደንብ የከፈተ ሰው የት እንደሚያድር እናውቃለን፤ እናም የለመድነውን አደረግን። አንዱ አርፍጃለሁ አለ፣ አንዷ ባልዲ ሳላጥብ አሳድሬያለሁ አለች፣ እኔ ባልሽ ደግሞ የአብዮቱን መዝሙር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዘምሬያለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሳቅሽ አመለጠሽ። ተራሽ ሲደርስ ግን ከቆላ የመጣውን ልጅ ነገርሽን። እናቱ ስትለምንሽ አንጀትሽ አልችል ብሎ ወፍራሙን ገንፎ አጥግበሽው፣ እጅሽ ላይ እንዳለፈ። የተራበ ሆድ ቀጭን አጥሚት በትንሽ በትንሹ ነው የሚችለው፣ እኔ ሳትኩ፣ እናንተ አትሳቱ አልሽን። ቀና ብሎ ያየሽ ሰው አልነበረም። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ነው ሰው እውነቱን መናገር የጀመረው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቦታሽን የያዘው አዲሱ አስተባባሪ ሥራ በዝቷል ብሎ ዓርብን አስቀረው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው። ከነባሮቹ ገሚሱን ተስቦው ወሰደው፣ ገሚሱ ወደ አጅባር ተዛወረ። ባለፈው አዲስ የተቀጠሩት ልጆች ያንኑ ወፍራም ገንፎ ለአንዲት ሕፃን አበሉ፤ እሷም እንደዚያ ልጅ ሆነች። ማንም አልነገራቸውማ። በጣም ተናደድኩ። አስተባባሪው ቢሮ ገብቼ ያንቺን ነገር ከሥር ጀምሬ አወራሁት፤ እሱም ሰምቶኝ ዓርብን መለሰልን።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ። ስንዱ ዛሬም አታነብም። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፣ ሁለተኛ ክፍልን ግን እንደገና ደገመች። የሰማችውን ቃል በቃል ትመልስልሻለች፣ ሂሳብ በቃሏ ስትሠራ የሚቀድማት የለም፤ ፊደል ፊት ስትቀመጥ ላብ ያጠምቃታል። ማታ ያወቀችውን ጠዋት ታጣዋለች። አስተማሪዋ ሰነፍ ናት ይላል። ሰነፍ አይደለችም፣ እኔ አባቷ ስትለፋ አያታለሁ። ጠበል ወሰድኳት፣ ጎረቤታችን እማማ ዘምዘም ደግሞ ዱዓ አስደረጉላት። እኒሁ እማማ ዘምዘም በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው፣ የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፤ ስንዱ ባለፈች ቁጥር እኔ አሮጊቷ አንብቤ አንቺን ምን ነካሽ ይሏታል። ለጨዋታ ነው፣ ይወዷታል። እሷ ግን አሁን በጓሮ ዞራ ነው የምታልፈው።

እህቴ ይህን ሰምታ ከወግዲ ላከችብኝ። ትምህርቱ እንቢ ካላት ምን ታስቀምጣታለህ፣ ደህና ቤት አግኝቼላታለሁ፣ ልጁም ጨዋ ነው፣ እህልም አላቸው አለችኝ። እህል አላቸው የሚለው ቃል ዘንድሮ ብዙ አባት አሸንፏል። እሺም እንቢም ሳልል ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን እሺታ አድርጋ፣ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ ብላ ቀን ቆረጠች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ተራዬ ደረሰ። ስለ ፈሰሰው ዘይት ልናገር ነበር ያሰብኩት። አፌ ግን ልጄ ማንበብ አልሆነላትም፣ የማደርገው ጠፍቶኛል፣ ልድራት ነው መሰለኝ አለ።  ስም መዝጋቢያችን የከላላው ሰይድ፣ ወላሂ እኔም እንደሷ ነበርኩ አለ። ቁርአን ቤት ሳለ ፊደሉ ሁሉ እየተደባለቀበት ጓደኞቹ በትምህርቱ ጥለውት ሄዱ። ሸኹ አልገረፉትም። ሎሕ በሚሏት የእንጨት ሰሌዳ ላይ አንዷን ፊደል በትልቁ ይጽፉለታል፤ እሱ በጣቱ እየተከተላት፣ ጮክ ብሎ እየጠራት፣ አጥቦ እንደገና እየጻፋት፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሷ ሌላ አያይም። ዛሬም ስም ስጽፍ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ አላያችሁም እንዴ አለን። እናይ ነበር እንጂ። አላህን እያወሳ ዚክር የሚያደርግ ነበር የሚመስለን። አብሽር፣ ቀስ ትላለች እንጂ ትደርሳለች ብሎኝ፣ በማግስቱ የራሱን ሎሕ አምጥቶ ሰጠኝ።

ይኸው ስንዱ በቁርአን ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሀ ሁ ትጽፋለች፣ ታጥባለች። ቄሱ አይተው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ተአምር አልመጣም፣ አስካልዬ። ትረሳለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔም ትዕግሥቴ ሲያልቅ ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ። ግን የያዘቻቸው ፊደሎች አሉ፣ እነሱን ጠዋትም አታጣቸውም።

እህቴ ባለችው ቀን መጣች። ከሥራ ስመለስ በቅሎዋ ደጅ ታስራለች፣ ስንዱ ማንም ሳያዛት ልብሷን በነጠላሽ ቋጥራ በሩ ሥር ተቀምጣለች። እኔን ላለማስቸገር ብላ ነው።  እህቴን ልጄን አልሰጥም አልኳት። ተቆጣች፤ ታዲያ ማንበብ ካልሆነላት ምን ልታደርጋት ነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ባዶ በቅሎዋን እየሳበች ሄደች፣ እስካሁንም አልታረቅንም።

ስንዱ ቋጠሮዋን አልፈታችም። ከዚያ፣ አባዬ፣ ሰው ፊት አላውቅም ስትል አላፈርክም ወይ አለችኝ። እናትሽ ናት ያስለመደችኝ አልኳት። ተነስታ ልብሷን ወደ ቦታው መለሰች።

አልረሳሽም፣ የልጄ እናት። ዓርብ ተራዬ ሲደርስ አስቀድሜ ስምሽን እጠራለሁ። ቀጥዬ ልጅሽን ገና ማንበብ እንዳላስቻልኳት፣ ግን እንዳልሰጠኋት እናገራለሁ።

ባልሽ