የሳሎኑ ጉምሩክ

ይድረስ ሮም ላለሽው የልጅ ልጄ ለፍዮሪ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ካዛንቺስ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከጉልበቴ ጩኸት በቀር ደህና ነን።

የቱሪስት ቪዛችን ወጣ። በስተርጅና ቱሪስት ሆንኩልሽ! ሥጋና ቅቤ በጉምሩክ አያልፍም ያልሽውን ለአያትሽ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ቅቤውን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፤ እኔ አወጣለሁ። በማግስቱ ገና እንደሰማች ሁሉ፣ "እንዴ፣ ቅቤ ይከለከላል እንዴ?" ትለኛለች።

ትናንት ለጨዋታ ብዬ ባርኔጣዬን ደፋሁና የሳሎኑ በር ላይ ጉምሩክ ሆኜ ቆምኩ።

"ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ሻንጣ ይከፈት!"

ድሮ ቢሆን "ወግድ፣ አንተ ሽማግሌ!" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ትገርፈኝ ነበር። ትናንት ግን እጅ ነሳችኝ።

"ጌታዬ፣ ለልጅ ልጄ ነው። ባለቤቴ እስኪመጣ ይታገሱኝ፤ እሱ ያስረዳዎታል።"

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። እሷ አሁንም በሩን በሩን ታያለች።

"ይለፉ፣ እመቤቴ" አልኳት።

ፍዮሪዬ፣ የእኛ ጉዞ ይቆይና አንቺ ብትመጪስ? እዚህ ቅቤ የሚከለክል የለም። ግን ቶሎ ነይ፤ ያንቺን ስም እስካሁን አንድም ቀን አልሳተችም።

ጉንጭሽን በሩቁ የሚስም፣ ሥራውን የለቀቀው ጉምሩክ፣
አያትሽ ተኽላይ